ለሕመም የሚታዘዝ የድብርት መድኃኒት ከነማብራሪያው ይሰጠን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ኩላሊት በየጊዜው የምታወጧቸውን ጽሑፎች በጥሞና ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት እምብዛም ስለማይጻፍበት ጉዳይ ነው። ለማይለቅ ሕመም ተብሎ የድብርት መድኃኒት የሚታዘዝላቸው ሰዎች መድኃኒቱ ለምን እንደተሰጣቸው ሳይነገራቸው፣ ከጎንዮሽ ጉዳቱ ጋር ብቻቸውን የሚታገሉበት ሁኔታ እንዲስተካከል ለመጠየቅ እወዳለሁ። ጉዳዩን የማውቀው ከራሴ ኑሮ ነው። በሙያዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ አልማዝ ባለጭራ ከያዘኝ ወዲህ ከቀኝ ጡቴ ሥር ተነሥቶ እስከ ጀርባዬ የሚዞር ሕመም ዓመታት አልፈውም አብሮኝ ይኖራል።

በሽታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጸው። በልጅነት ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆይና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት የመከላከል አቅም ሲዳከም በአንድ ጎን ብቻ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሆኖ ይወጣል። ሽፍታው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደርቆ ይራገፋል፤ በአንዳንዶቻችን ላይ ግን፣ በተለይ ዕድሜያችን ከ50 ያለፈው ላይ፣ የተጎዳው ነርቭ ሕመሙን ይዞ ይቀራል። ዛሬ ሰው ሲያየኝ ከደበዘዘ ጠባሳ በቀር የሚታይ ነገር የለብኝም። ጠበቅ አድርጎ የሚጫነኝን ነገር እችለዋለሁ፤ የማልችለው የሸሚዝ ጨርቅ ቆዳዬን ዳሰስ ሲያደርገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ፍም የነካኝ ያህል ያንገበግበኛል። ስለዚህ በአንድ እጄ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ በሌላው ሸሚዜን ከጎኔ ሳብ አድርጌ መያዝ ልማድ ሆኖብኛል። ተማሪዎቼ በዕረፍት ሰዓት ይህን አቋቋሜን እያስመሰሉ እንደሚሳሳቁ ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም።

በመጀመሪያ ፓራሲታሞል ዋጥኩ፣ ቀጥሎም ዳይክሎፌናክ ተወጋሁ። ለወገብና ለጥርስ ሕመም የሚደርሱልን እነዚህ መድኃኒቶች ለእኔ ሕመም አልደረሱልኝም። ሊደርሱልኝም አይችሉም ነበር፤ የሚረዱት በአብዛኛው ከተጎዳ ሥጋና ከብግነት ለሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ የእኔ ሕመም የሚመነጨው ከራሱ ከነርቩ ነው። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ እንድወስድ አዘዘልኝ። ማዘዣውን ጽፎ ሲሰጠኝ የተናገረው ቃል ቢኖር «ይሄ ይሻልሃል» የሚል ብቻ ነበር። ከውጭ የሚጠብቀውን ሰልፍ ስላየሁ እኔም አልተሟገትኩም።

ፋርማሲ ስደርስ ባለሙያዋ ከካርቶኑ ውስጥ መድኃኒቱን አውጥታ የሚበቃኝን ያህል በመቀስ ቆርጣ በትንሽ ፖስታ አደረገችልኝ፤ በላዩም «ማታ 1» ብላ ጻፈች። በእንግሊዝኛ የታተመው የማብራሪያ ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ቀረ። ይህን የምጠቅሰው እሷን ለመውቀስ አይደለም፤ አብዛኞቻችን መድኃኒት የምንገዛው በዚህ መንገድ ነው፤ ወረቀቱ ቢሰጠንስ ስንቶቻችን አንብበን እንረዳዋለን? እቤት እንደገባሁ ልጄ በመድኃኒቱ ብልጭልጭ ማሸጊያ ላይ ያለውን ስም በስልኳ ፈልጋ ካነበበች በኋላ ፊቷ ተለዋወጠ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የድብርት ነው የሚለው። ለምን አልነገርከንም?» አለችኝ። ባለቤቴም ሰማች። በዚያ ምሽት ቤታችን ውስጥ ስለ ጎኔ ሕመም ያነሣ ሰው አልነበረም፤ የሁሉም ጭንቀት ወደ አእምሮዬ ዞረ።

በአገራችን የድብርት መድኃኒት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው አማኑኤል ሆስፒታልን ነው። በድብርት መታመም የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ሆኖም ጎኑን ያመመው ሰው የድብርት መድኃኒት ሲሰጠው «ሐኪሙ ሕመሜን አላመነኝም፣ ከአእምሮህ ነው ብሎኛል» ብሎ መተርጎሙ የማይቀር ነው። በሕመም ላይ አለመታመን ሲጨመር ከሕመሙ የማይተናነስ ቁስል ነው። እኔ እንኳ ፊደል ቆጥሬያለሁ የምለው ሰው ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ እስክጠይቀው ድረስ በዚሁ ስሜት ነበርኩ።

ሐኪሙ በሁለተኛው ቀጠሮ፣ እንደ ዕድል ሆኖ ሰልፉ ቀለል ባለበት ቀን፣ ያስረዳኝን ካነበብኩት ጋር አያይዤ ላቅርበው። አንጎላችን ከሰውነት የሚመጣውን የሕመም መልእክት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደታች ትእዛዝ እየላከ መልእክቱን ያለዝባል። ይህ የማለዘብ ሥራ የሚከናወነው ሴሮቶኒንና ኖርኢፒነፍሪን በተባሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት ነው። አሚትሪፕቲሊን እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከነርቭ ጫፍ ከተረጩ በኋላ ቶሎ ተመልሰው እንዳይመጠጡ ስለሚያደርግ የማለዘቡ ሥራ ይበረታል። መድኃኒቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለድብርት ገበያ ላይ ዋለ፤ ቆየት ብሎ ድብርት በሌለባቸው ሰዎችም ላይ የነርቭ ሕመምን እንደሚቀንስ ታወቀ። መጠኑም ይለያያል፤ ለድብርት የሚሰጠው በአብዛኛው ከ75 ሚሊ ግራም ጀምሮ ሲሆን፣ ለሕመም የሚጀመረው በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ብቻ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያቺ የቤታችን ምሽት አትኖርም ነበር።

መድኃኒቱን ከልክ በላይ ማወደስም አልፈልግም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ግምገማ ለሥር የሰደደ ሕመም የሚሰጡ የድብርት መድኃኒቶችን የፈተሹ 176 ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሮ፣ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘለት በተለይ ዱሎክሰቲን የተባለው መድኃኒት መሆኑን፣ በአሚትሪፕቲሊን ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አነስተኛና ጥራታቸው ደከም ያለ መሆኑን አመልክቷል። ይህ ማለት ግን አሚትሪፕቲሊን አይሠራም ማለት አይደለም። በዋጋው ርካሽና በአገራችን በስፋት የሚገኝ በመሆኑ ለብዙዎቻችን የሚደርሰን እርሱ ነው። መድኃኒቱ ሲሠራም ሕመሙን ነቅሎ አያጠፋውም፤ ግማሽ ያህሉን ከቀነሰ እንደ ትልቅ ውጤት ይቆጠራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተፍ ሲል፣ ጥቅሙ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ መሆኑ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ያልተነገረው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒቱን ቢጥል በምን ይፈረድበታል?

እኔን ከሁሉ በላይ የፈተነኝ የአፍ መድረቅ ነው። መምህር አፉ ከደረቀ ምን ቀረው? ክፍለ ጊዜው ሳይጋመስ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ይጣበቅና ቃሉ መሃል ላይ ይቆረጥብኛል። ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ ምራቅን፣ አንጀትንና የሽንት ፊኛን የሚያዙትን ነርቮች ጭምር ስለሚያዳክም ነው። መጀመሪያ ከረሜላ መምጠጥ ጀምሬ ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ግን ምራቅ ባነሰበት አፍ ውስጥ ስኳር ጥርስን ቶሎ እንደሚያበላሽ ነግሮኛል። ስለዚህ የውኃ ኮዳ ይዤ እገባለሁ፤ በየመሃሉ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፤ በዕረፍት ሰዓት መፋቂያዬን አኝካለሁ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ለሚያገኝ ሰው እርሱም ደግ ነው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ማስተማር ግን አልሆነልኝም፤ ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ሕመምተኛ መሆኔን አይተው ፈቅደውልኛል። በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊም ባልደረቦቼም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲገጥማቸው ከሐኪማቸውና ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ቢመካከሩ ይበጃቸዋል።

ሁለተኛው የጠዋት ድንዛዜ ነው። መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣል፤ ሕመም እንቅልፍ ለነሣው ሰው ይህ ራሱ በረከት ነው። ነገር ግን ከመተኛቴ በፊት ስውጠው እንቅልፉ እስከ ማግስቱ ሦስት ሰዓት ድረስ አይለቀኝም ነበር። ሐኪሙ ከእራት በኋላ፣ ከመኝታዬ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ እንድወስድ መከረኝ፤ መጠኑንም ለጊዜው ወደ ግማሽ ፍሬ ዝቅ አደረገልኝ። ሁለቱም ጠቅመውኛል። ግማሽ ፍሬ ማለት ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ፍሬዋ ክብና ትንሽ፣ ከላይ የተለበጠች ስለሆነች በምላጭ ስከፍላት አንዱ ግማሽ ይፈረፈራል፤ የተከፈለው ጎን ምላስ ሲነካ ይመራል፣ ቆይቶም ምላስን ያደነዝዛል። የእንቅልፉን ድንዛዜ ለማባረር ብለው ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙ ሰዎች አውቃለሁ። ጫት ራሱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚጨምር፣ አፍንም ሆድንም የሚያደርቅ በመሆኑ ከዚህ መድኃኒት ጋር የሚስማማ አይደለም። አረቄውና ጠጁ ደግሞ በተቃራኒው ድብታውን ያባብሱታል። ባጃጅ ለሚነዳ ወይም በወፍጮ ቤት ለሚሠራ ሰው ድብታው የሕይወት ጉዳይ ነውና መድኃኒቱ ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር ከመሪና ከማሽን መራቅ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል።

ስለ ሆድ ድርቀት ብዙ አልልም፤ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት የምታዘጋጅልኝ ተልባ፣ ጎመንና በቂ ውኃ አስታግሰውልኛል። ከተቀመጡበት ድንገት ሲነሡ የሚመጣው ማዞር ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱ በሚነሡበት ጊዜ የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ በሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወጡ አረጋውያን ወድቀው ዳሌያቸውን ሊሰብሩ ይችላሉ። አልጋ ጫፍ ላይ ጥቂት ቁጭ ብሎ፣ እግርን አንቀሳቅሶ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መነሣት ይረዳል።

ከእነዚህ በተለየ ሁኔታ ፈጽሞ ሊታገሡት የማይገባ ምልክት አለ። ሽንት እንቢ ያለው፣ በተለይም ፕሮስቴቱ ያበጠ ወንድ፤ ዓይኑን በድንገት አሞት እይታው የደበዘዘበት፤ ልቡ ያለ ልክ የሚመታበት ወይም ራሱን የሳተ ሰው «ይለምደኛል» ብሎ መቀመጥ የለበትም። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ቀደም ሲል የሚጥል በሽታ የነበረበት ሰውም ይህን ከመጀመሪያው ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። እኔን እነዚህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጥያቄዎቹ ከማዘዣው በፊት መምጣት ነበረባቸው።

በየቤታችን የሚሠራ አንድ ሌላ ልማድ አለ፤ መድኃኒት መደራረብ። የሚያመው ሰው ከያለበት ይለምናል። ጎረቤት ለቀዶ ጥገና የታዘዘላትን ትራማዶል የተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታካፍለዋለች፤ እኅቱ ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው በሻንጣ ዱሎክሰቲን ትልክለታለች፤ እርሱም አሚትሪፕቲሊኑን ሳይተው ሁሉንም ይወስዳል። ትራማዶል ከድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደራረብ ሴሮቶኒን በሰውነት ውስጥ ከልክ በላይ ሊበዛ ይችላል፤ መንቀጥቀጥ፣ መቅበጥበጥ፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥና የልብ ምት መፍጠን ምልክቶቹ ናቸው፤ የሚጥል ሕመምም ሊቀሰቅስ ይችላል። ዱሎክሰቲንና ፍሉኦክሰቲን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ደግሞ አሚትሪፕቲሊን ከሰውነት የሚወገድበትን መንገድ ስለሚያዘገዩ፣ 25 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው ደሙ ውስጥ ከዚያ እጅግ የበለጠ የወሰደ ያህል ሊገኝበት ይችላል። ፍሉኦክሰቲንን ወይም ሰርትራሊንን የመሳሰሉትን የድብርት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲጨምርበት የጨጓራ መድማት አደጋው ከፍ ይላል፤ በአገራችን ዳይክሎፌናክ ያልዋጠ የወገብ ሕመምተኛ ማግኘት እንደሚያስቸግር ደግሞ እናውቃለን። ሐኪም አንዳንድ ጊዜ አስቦና መጠኑን መዝኖ ሁለት መድኃኒት አብሮ ሊሰጥ ይችላል። የሚያስፈራው ሐኪሙም ፋርማሲስቱም ሳያውቁት የሚደረገው ነው፤ ስለዚህ ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተገኘውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዞ ጠረጴዛው ላይ መዘርገፍ አያሳፍርም።

ዱሎክሰቲን፣ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ይቀላል፣ ብዙውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሰው የማይናገረው ግን የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የእርካታ መዘግየት ነው። አንድ ወዳጄ የጀርባ ሕመሙ ቀለል ብሎለት ሳለ መድኃኒቱን የተወው በዚህ ምክንያት እንደሆነ የነገረኝ ከዓመት በኋላ ነው፤ ለሐኪሙ ግን «አልተስማማኝም» ከማለት በቀር ምንም አላለም። መጠን መቀነስ ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር ይቻል እንደነበር ሊያውቅ አልቻለም። በአገራችን ባህል ሕመምተኛው ይህን ቀድሞ ያነሣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ጥያቄው ከሐኪሙ መነሣት አለበት፤ ያውም ባለቤት ወይም ልጅ አብሮ ተቀምጦ በሌለበት።

መድኃኒቱን የማቆም ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። አብዛኞቹ የድብርት መድኃኒቶች ለሳምንታት ከተወሰዱ በኋላ በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ አንዳንዴም ራስ ውስጥ ኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ስሜት ያስከትላሉ። ሕመምተኛው ይህን ሲያይ ወይ ሱስ ይዞኛል ብሎ ይሸበራል፣ ወይ በሽታዬ ባሰ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሱስ አይደለም፤ ሰውነት ከለመደው ነገር በድንገት ሲለይ የሚያሳየው ምላሽ ነው፤ መጠኑን በሳምንታት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ በማቆም ማስቀረት ወይም ማቅለል ይቻላል። ይህን አጥብቄ የማነሣው ወደ ጸበል የሚሄዱ ብዙ ወገኖች በዚያው ዕለት መድኃኒታቸውን እንደሚጥሉ ስለማውቅ ነው። እኔም በጸበል የማምን ሰው ነኝ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፤ ለድብርትና ለሕመም መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ምክር ከጸበል ስፍራ አገልጋዮች አንደበት ቢሰማ ብዙ ሰው ከመንገላታት ይድናል።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው ሌላም ነገር አለ። ሥር የሰደደ ሕመምና ድብርት ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ልቡ ቢደክም አይገርምም። የድብርት መድኃኒት ሲጀመር በተለይ ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊቀሰቀስ ወይም ሊባባስ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤተሰብ በቅርብ ሊከታተላቸው ይገባል። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን የሚያውክ አደገኛ መድኃኒት ነው። ልጆች ባሉበት ቤት በቁም ሣጥን ተቆልፎ መቀመጥ አለበት፤ ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ለሚፈራ ሰውም የብዙ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት አይገባም። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት ሰው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ያንኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት በግልጽ አማርኛ ሊነገረው ይገባል።

ሐኪሞቻችንና ፋርማሲስቶቻችን ጊዜ እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል የማስተምር ሰው የሰልፍን ነገር አይስተውም። የምጠይቀው ግን ረጅም ንግግር አይደለም። «ይህ መድኃኒት ለድብርትም ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል፤ ላንተ የሰጠሁህ ለሕመሙ ነው። አፍህን ያደርቅሃል፣ ያስተኛሃል፤ ጥቅሙን የምታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሳትጠይቀኝ አታቁም፣ ሳትነግረኝ ሌላ አትጨምር» የሚለው ቃል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማንበብ ለሚችለው ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን የተዘጋጀ ግማሽ ገጽ ወረቀት ከዚያች ትንሽ ፖስታ ጋር ቢታጠፍለት ወጪው ከፖስታዋ ብዙም አይበልጥም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ጎጂ ክስተቶችን ሪፖርት የሚቀበልበት አሠራር እንዳለው ይታወቃል፤ ሪፖርቱን የሚሞሉት ግን በአብዛኛው የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕመምተኛው ደግሞ የደረሰበትን ለባለሙያው ካልተናገረ ምን ይሞላሉ? በየፋርማሲው መስኮት ላይ «መድኃኒት ጎድቶዎታል? ይንገሩን» የሚል አንድ መስመር ቢለጠፍ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ዝግጅት ክፍሉም ፈቃዱ ቢሆን አንድ የፋርማሲ ባለሙያና አንድ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ጋብዞ በጤና ዓምዱ ለአንባቢያን ጥያቄ መልስ ቢያሰጥልን እናመሰግናለን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከአሁኑ እኔ ላቅርብ፤ አሚትሪፕቲሊን ለሕመም በ10 ሚሊ ግራም መጀመር የሚችል ከሆነ፣ የእኔን ቢጤ ሕሙማን 25 ሚሊ ግራሙን በምላጭ ከመፈርፈር እንድንድን ባለ 10 ሚሊ ግራሙ ፍሬ በመንግሥት ጤና ተቋማት እንዲገኝ ማን ነው የሚጠየቀው?

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር
ከደብረ ብርሃን